የአዋሽ የባቡር ድልድይ በእርጅና አልሞተም

ስለ አሮጌው የኢትዮ ጅቡቲ የባቡር መንገድ ነገር ሲነሣ፣ ከተማረውም ካልተማረውም አፍ የሚወጣው ፍርድ አንድ ነው፤ ይኸውም ያ መንገድ ፈረንጅ ለገዛ ጥቅሙ የዘረጋው፣ ዕድሜውን ጨርሶ በእርጅና የሞተ፣ በአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም የተተካ ስለ ሆነ፣ በአዋሽ ገደል ላይ ባዶውን የቆመው ድልድይና በየሜዳው ሣር የበቀለበት ሐዲድ ከቁርጥራጭ ብረት የተለየ ዋጋ የላቸውም የሚል ነው። ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ ከመደጋገሙ የተነሣ እንደ እውነት ተቆጥሮ ተቀምጧል፤ የሚጠይቀው የለም፤ የሚጠይቅ ቢገኝም ያለፈ ዘመን ናፋቂ ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን ፍርዱ ከመነሻው እስከ መድረሻው ሐሰት ነው እላለሁ፤ ሐሰትነቱም ያለፈውን ከማጉደፍ አልፎ ዛሬ በእጃችን ያለውን የሚያጠፋ ስለ ሆነ በዝምታ ሊታለፍ አይገባውም።

የምኖረው በአዲስ አበባ፣ በየካ ነው። የአዋሽ ድልድይ ከዚህ በጣም ይርቃል፤ የየካን ሰው ስለ አዋሽ ድልድይ ምን አገባው የሚል ቢኖር፣ መልሱ ከደጃችን በሚወርደው ውኃ ላይ ይገኛል። በክረምት ከእንጦጦ ተረተር በስተደቡብ የሚወርደው ዝናብ ቀይ አፈርና የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ አሁን አሁን ደግሞ ባዶ የውኃ ላስቲክ እያግበሰበሰ ወደ ቀበና ይገባል፤ ቀበናም ከሌሎቹ የከተማው ወንዞች ጋር ተቀላቅሎ ወደ ትልቁ አቃቂና ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርድና በቆቃ፣ በወንጂና በመተሐራ በኩል ዞሮ፣ በአዋሽ ሰባት አጠገብ ከዚያ ከባዶው ድልድይ ሥር ያልፋል። በተረተሩ በስተሰሜን የወደቀው ዝናብ ግን ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ ዓባይ ገብቶ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። የደቡቡ ውኃ ይህ ዕጣ አልተሰጠውም፤ አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳያይ በአፋር በረሃ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በሌላው ዓለም ስማቸው የሚጠራ የባቡር ድልድዮች ብዙዎቹ የባሕር ሙላት እየወጣ በሚመለስባቸው ወንዞች ላይ የቆሙ ሲሆኑ፣ የእኛ ድልድይ የቆመው ባሕር ደርሶት በማያውቅ ወንዝ ላይ ነው፤ ወንዙ ሊደርስበት ያልቻለውን ባሕር በብረት የደረሰው ያ ባቡር ነበር፤ ባሕር የሌላት አገር ከባሕር የተገናኘችበት ጠባብ በር፣ ሃገሪቱ ለዘመናት ስትመኘው የኖረችው መተላለፊያ፣ በዚያ ገደል ላይ በተጋደመው ብረት በኩል አልፏል።

የከሳሾቹ የመጀመሪያ ቃል ባቡሩ የፈረንጅ ነበር የሚለው ነው። እርግጥ ነው፣ ገንዘቡ በአብዛኛው ከፈረንሳይ መጣ፤ መሐንዲሶቹም የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ዳሩ ግን የሐሳቡ ባለቤት ማን እንደ ነበረ ታሪኩን በጥሞና ለመረመረ ሰው የተሰወረ አይደለም። የስዊስ ተወላጁ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ መጥቶ በምኒልክ አገልግሎት ሲገባ፣ አዲስ አበባ የምትባል ከተማ ገና አልተቆረቆረችም ነበር፤ ምኒልክም በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጭነው ንጉሠ ነገሥት ከተባሉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1886 ዓ.ም.፣ ለኢልግና ለፈረንሳዊው ሼፍኑ የዘጠና ዘጠኝ ዓመት የባቡር ፈቃድ ሰጡ። ይህ ከዐድዋ ድል ሁለት ዓመት በፊት መሆኑን ልብ ይሏል፤ ተገዶ የተሰጠ ሳይሆን፣ በገዛ አገሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው መንግሥት አስቦና መክሮ የሰጠው ፈቃድ ነበር።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ እዚያም ለብዙ ዓመታት ቆመ። ባቡሩ የፈረንጅ ነበር የሚሉት ሰዎች ስለዚህ መቆም ሲናገሩ አይሰማም፤ ምክንያቱም ክሳቸውን የሚያፈርሰው እርሱ ነው። የፈረንሳይ መንግሥት በ1894 ዓ.ም. ከኩባንያው ጋር በተዋዋለው ውል መንገዱን ወደ እጁ ለማስገባት በመሞከሩ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ይህን አይተው ሐዲዱ ወደ መሐል አገር እንዲገፋ ፈቃዳቸውን ነፈጉ። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ስለ ኢትዮጵያ በመካከላቸው የሦስትዮሽ ውል በተፈራረሙ ጊዜም፣ ንጉሠ ነገሥቱ ውሉ የመንግሥታቸውን ሉዓላዊነት በምንም መንገድ ሊነካ እንደማይችል አስታወቁ። ሥራው የቀጠለው በ1900 ዓ.ም. ለአዲስ ኩባንያ አዲስ ፈቃድ ከተሰጠ በኋላ ነው። እንግዲህ ባቡር ለማግኘት የሚጓጓ ንጉሥ፣ የአገሩን ነጻነት የሚያስነካበት መስሎ ሲታየው ያንኑ ባቡር በበረሃ አቁሞ ዓመታት መጠበቅን ከመረጠ፣ ያ መንገድ የማን ፈቃድ ሥራ ነው ሊባል ነው? ፈቃዱ የንጉሠ ነገሥቱ፣ ላቡም ድንጋይ የፈነቀለውና ብረት የተሸከመው የሠራተኛው ነበር፤ ፈረንጁ ገንዘቡን ያወጣው ለትርፍ ነው፤ ዕዳ ያለብን ለእነዚያ ለሁለቱ ብቻ ነው።

እንጦጦም በዚህ ጉዳይ ድርሻ አለው። በዚያ ዘመን በተራራውና በከተማው ዙሪያ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተጨፍጭፎ በማለቁ፣ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም እንዲዛወር ታስቦ ነበር። በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ በፍጥነት አድጎ እንጦጦንና የየካን ኮረብታ ባያለብስ ኖሮ፣ ከተማው ተነሥቶ ባቡሩም መድረሻውን ባጣ ነበር። ዛሬም የዚያን ባሕር ዛፍ ጭራሮ በገመድ አስረው፣ ወገባቸው ለሁለት እስኪታጠፍ ተሸክመው፣ ቁልቁለቱን ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ የካ የሚወርዱትን እናቶች የሚያይ ሰው፣ ይህች ከተማ በዛፍና በብረት፣ በሰውም ጀርባ ላይ እንደ ቆመች ይረዳል። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም.፣ ኢልግም በ1908 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ያሰቡት ሰዎች ፍሬውን ሳያዩ አለፉ፤ ለልጅ ልጅ የሚተከል ነገር እንዲህ ነው።

ሁለተኛው ክስ፣ ባቡሩ በእርጅና ሞተ የሚለው፣ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ጥፋተኛውን ነጻ ያወጣል። ብረት እንደ ሥጋ በተፈጥሮ ሕግ ዕለተ ሞት አልተቆረጠለትም። በስኮትላንድ በፎርዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1890 የተመረቀው የባቡር ድልድይ ከእኛ ድልድይ በዕድሜ ይበልጣል፤ ከሥሩ የባሕር ሙላት በየቀኑ ሁለት ጊዜ እየመጣ ይመለሳል፤ ጨው ያዘለ ነፋስም ሌት ተቀን ይነፍስበታል፤ ሆኖም ዛሬ ድረስ ባቡር ያስተላልፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2015ም ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የረዳው ሌላ ምሥጢር የለም፤ የሚቀባው፣ ቡሎኑን የሚያጠብቀው፣ የዛገውን የሚለውጠው ሰው ከዓመት ዓመት አልተለየውም። የአዋሽ ድልድይ ግን ጨው በሌለበት በደረቅ አየር ላይ ቆሞ ነው የተተወው። ክዳኑ ሳይታደስ ኖሮ የፈረሰ ጎጆ በእርጅና ፈረሰ አይባልም፤ ባለቤቱ አፈረሰው ይባላል እንጂ።

እርጅና ብቻ ሳይሆን ጦርነትም አልገደለውም። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ 24 ቀን በጊዜው የነበሩትን ንጉሠ ነገሥት ወደ ስደት የወሰደው ባቡር በዚያ መሥመር አለፈ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1933 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር ሲሸሽ የአዋሽን ድልድዮች በፈንጂ አፈረሰ፤ መሥመሩ ግን ታድሶ እንደገና ተነሣ። በ1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ በመሥመሩ ላይ የነበሩ ድልድዮች ዳግመኛ በፈንጂ ተመቱ፤ ዳግመኛም ተጠገኑ። በ1977 ዓ.ም. በጥር ወር አንድ የመንገደኛ ባቡር በአዋሽ አጠገብ በኩርባ ላይ ወዳለ ድልድይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ፉርጎዎቹ ወደ ገደል ወደቁ፤ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ያ ሐዘን በአገሪቱ የባቡር ታሪክ ከሁሉ የከበደው ነው። ይህን መቅሠፍት የሚጠቅስ ሰው አሮጌው ባቡር ገዳይ ነበር ለማለት ይጠቅሰዋል፤ ነገር ግን ባቡሩ የወደቀው ድልድዩ ተሰብሮ ሳይሆን ፍጥነት ባለመቀነሱ ነበር፤ የሰውን ጥፋት በብረት ላይ መጫን ለሞቱትም ፍትሕ አይሆንም።

ታዲያ ምን ገደለው? የተረሳ ጥገና ገደለው። መለዋወጫ ሳይታዘዝ ቀረ፤ ያረጀ ሐዲድ በአዲስ ሳይለወጥ ቀረ፤ ሞያውን የሚያውቁት ሠራተኞች ጡረታ ሲወጡ ሞያቸውን የሚረከብ ወጣት አልተመደበም፤ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጀመረው እድሳትም ሳይፈጸም ቆመ። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ዝም አለ። ሁለት ጊዜ የተጠመደ ፈንጂ ያልቻለውን ዝምታ ፈጸመው።

ይህ ያለፈ ነገር ነው የሚል ካለ በየካ በኩል የሚያልፈውን የከተማ ባቡር ይመልከት። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከአያት ተነሥቶ በመገናኛ በኩል ወደ ጦር ኃይሎች አቅጣጫ ሲሄድ፣ በመጀመሪያ ላይ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። አሥር ዓመት ሳይሞላው ግን ከ41 ባቡሮቹ አብዛኞቹ በመለዋወጫና በጥገና እጥረት ቆመው ተገኙ። ዛሬ ማለዳ በመገናኛ ድልድይ ላይ የሚቆም ሰው የሚያየው ይህን ነው፤ ተማሪው ደብተሩን በደረቱ ይዞ፣ ሠራተኛው ሰዓቱን እያየ፣ ነጋዴዋ ዘንቢሏን በሁለት እግሮቿ መካከል አጣብቃ ይጠብቃሉ፤ ባቡሩ ሲመጣም በሩ በሰው ብዛት አልዘጋ ይላል፤ ያልገባው ለሚቀጥለው፣ የሚቀጥለውም ለሌላው ይተርፋል። ይህ ባቡር በእርጅና ነው የቆመው እንበል? አሥር ዓመት ያልሞላው ሽማግሌ አለ? በአሮጌው ላይ ጊዜው አልፏል ብለን የፈረድን እኛ፣ በአዲሱ ላይ የምንፈርደው ምን ብለን ነው? እነሆ የክርክሬ ፍሬ ነገር፤ አሮጌውን የገደለው በሽታ አዲሱንም ይዞታል፤ በሽታውን እርጅና ብለን የምንጠራው እስከ ሆነ ድረስ መድኃኒቱን አንፈልግም።

ሦስተኛው ክስ፣ አዲሱ ባቡር አሮጌውን ተክቶታል የሚለው፣ ግማሽ እውነት ስላለበት ብዙ ሰው ያስታል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የኤሌክትሪክ መሥመር በስፋቱም በኃይሉም በፍጥነቱም አንድ ሜትር ስፋት ካለው ከአሮጌው ሐዲድ ጋር አይወዳደርም፤ የአገሪቱን ከባድ ዕቃ ከወደብ ለማምጣት የተሠራ ታላቅ ሥራ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን የባቡር መንገድ በሁለት ጫፎቹ ብቻ አይመዘንም። አሮጌው ባቡር አዲስ አበባን ከጅቡቲ ጋር ከማገናኘቱ ይልቅ በመካከል ከተሞችን ወለደ፤ ድሬዳዋ ከሐዲዱ ጋር ተወለደች፤ አዳማና ሞጆ በእርሱ አደጉ፤ አዋሽ ሰባት፣ ሚኤሶና አፈደም የሚባሉት ስሞች በሕዝብ አፍ የገቡት በእርሱ ነው። ጣቢያው በከተማው ልብ ላይ ነበር፤ ባቡሩ በቆመ ቁጥር በመስኮቱ በኩል ሙዝና ብርቱካን፣ ወተትና ዳቦ ይሸጥ ነበር፤ የአንዲት ትንሽ ከተማ ሰዓት የሚቆጠረው በባቡሩ መግባትና መውጣት ነበር። የአዲሱ ባቡር ጣቢያዎች ግን በአብዛኛው ከከተሞቹ ውጭ የተሠሩ ናቸው። የአገር ኢኮኖሚ የሚፈልገው ይህ ሊሆን ይችላል፤ ዕቃ ይጓዛል፤ ቁጥሩም ያድጋል። ነገር ግን ጫፉን ለማገናኘት ሲባል መካከሉ ከተረሳ፣ አንዱ ሌላውን ተካ ማለት አይቻልም፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ነገር እንዳይደርስብን እሰጋለሁ።

የተቃራኒ ወገን ጠንካራው ነጥብ ገና ይቀራል፤ እርሱንም በሙሉ ኃይሉ ማቅረብ ግዴታዬ ነው። ድኻ አገር ነን፤ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት የሚጠብቅ ሕዝብ አለን፤ ባዶ ድልድይ ለማስዋብ የሚወጣ ገንዘብ ከዚያ ይነጠቃል ይላሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ መልስም ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው መልስ ድኻ አገር ያለውን ለመጠበቅ ከሀብታም ይልቅ የሚገደድ መሆኑ ነው፤ ሀብታም ያባከነውን ይተካል፤ ድኻ ግን የጣለውን አያገኘውም። ሁለተኛው መልስ ከጎረቤታችን የመጣ ነው። ኤርትራ ከነጻነቷ በኋላ በጦርነት የተበተነውን የምጽዋ አሥመራ የባቡር መንገድ የሠራችው በውጭ ብድር አይደለም፤ በጡረታ ላይ የነበሩ አሮጌ የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው፣ ከየምሽጉ የተነቀለውን ሐዲድና ብረት ሰብስበው፣ የቀድሞ ሥራቸውን ለወጣት አስተምረው ዳግመኛ አስነሡት። ባለ ሞያው ካለ ገንዘቡ ይገኛል፤ ባለ ሞያው ከሞተ ግን ገንዘብ ብቻውን ድልድይ አያቆምም።

ሦስተኛው መልስ ከሩቅ አገር ነው። በአሜሪካ በኒው ዮርክ ግዛት በፖኪፕሲ ከተማ፣ ባሕር እየወጣ በሚመለስበት በሐድሰን ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1889 የተሠራ የባቡር ድልድይ በ1974 በእሳት ተቃጥሎ ባቡር አልሄድበት አለ። ለሠላሳ አምስት ዓመታት የዛገ አጽም ሆኖ ቆመ፤ ይፍረስ የሚሉ ሰዎችም ነበሩ። የአካባቢው ሕዝብ ግን እንዳይፈርስ ተሟግቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የእግረኛ መተላለፊያ አድርጎ ከፈተው፤ ዛሬ ሰው እየተራመደ ወንዙን ያያል፣ ልጆች ብስክሌት ይነዱበታል፣ ከተማው እንግዳ ይቀበልበታል። የአዋሽ ገደል ከዚህ አያንስም፤ በሁለት ግድግዳ ጥቁር ዐለት መካከል ቡናማው ውኃ በርቀት ሲገማሸር፣ በላዩ የተጋጠሙት የብረት ምሰሶዎችና ቡሎኖች እያንዳንዳቸው የሰው እጅ ያጠበቃቸው መሆኑን ቆሞ የሚያይ ሰው፣ ያ ነገር ለቁርጥራጭ የሚሸጥ ብረት ነው ለማለት አፉ እንዴት ይላወሳል? በራሳችን በየካ ኮረብታ ላይ ያለው ዋሻ ሚካኤል ከዐለት ተፈልፍሎ በከፊል የፈረሰ ነው፤ ዘመኑ ስላለፈ ድንጋዩን ለቤት መሠረት እናድርገው የሚል ክርስቲያን አልሰማሁም። ድልድይስ ከድንጋይ በምን ያንሳል? ሁለቱም የትውልድ እጅ ሥራ ናቸው።

ደግሞም ከለገሃር የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት በ1923 ዓ.ም. የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የኢጣሊያ ወራሪ ወደ ሮማ በወሰደው ጊዜ፣ መንግሥትና ሕዝብ ይመለስልን ብለው ዓመታት ተሟግተው አስመልሰውታል። ይህን ያደረገው ሕዝብ ብረቱን ስለ ፈለገ አይደለም፤ ታሪኩን ስለ ፈለገ ነው። ለባቡር ጣቢያ ደጅ የቆመውን አንበሳ ከሮማ ድረስ የጠየቅን ሰዎች፣ በገዛ አገራችን በገዛ ወንዛችን ላይ ያለውን የባቡር ድልድይ ለቆራሌው የምንተወው በምን ኅሊና ነው?

ስለዚህ የምጠይቀው ምኞት አይደለም፤ ሊፈጸም የሚችል ነገር ነው። ቅርስ ስለ መጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንም አለ፤ የአዋሽ ድልድይና በመሥመሩ ላይ ያሉት ጣቢያዎች ሁሉ በዝርዝር ተመርምረው በዚያ አዋጅ ይመዝገቡ፤ ሐዲድና ብረት ነቅሎ መሸጥ በቅርስ ላይ እንደሚፈጸም ወንጀል ይቆጠር። ድልድዩ ቀለም ይቀባ፣ የዛገው ይለወጥ፣ በጥንቃቄም ተከልሎ ለእግረኛ ይከፈት። ከሁሉም በላይ የድሬዳዋው አሮጌ የባቡር መጠገኛ የሙያ ትምህርት ቤት ይሁን፤ ያረጁት ባለሞያዎች በሕይወት ሳሉ ይጠሩ፤ አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡርም ሆነ በየካ በኩል የሚያልፈውን የከተማ ባቡር የሚጠግን ወጣት ከእነርሱ እጅ ይማር። የአሮጌው ድልድይ መዳን ለአዲሱ ባቡር መዳን የመጀመሪያው ትምህርት ነው፤ ምክንያቱም ያለፈውን በእርጅና ሞተ ብሎ የቀበረ ሕዝብ፣ የሚመጣውንም በተመሳሳይ ቃል መቅበር ይለምዳል። ጥገና የሌለው አዲስ ነገር ነገ አሮጌ ነው፤ ጥገና ያለው አሮጌ ነገር ግን ዛሬም አዲስ ነው። መንግሥትም ሕዝብም ይህን እስኪቀበሉ ድረስ በየዘመኑ አዲስ ሐዲድ እንገዛለን፤ በየዘመኑም የምንከፍለው ዕዳ እንጂ የምናወርሰው መንገድ አይኖረንም።